ባለ አንድ ቋጠሮው ጠርሙስ

ትክክለኛ ውሃ ቀድቼ አመጣሁ፤ ቀጂው ማንበብ አይችልም ብለው ሰረዙት። በደሉ ይኸው ነው። የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ሃያ ስምንት ዓመት ጅቡቲ ከተማ ውሃ ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። የጉድጓድ ውሃ ለክቻለሁ፣ ቧንቧ ተሸክሜያለሁ፣ ከባሕር ናሙና ቀድቻለሁ፣ መጨረሻ ላይ ማጣሪያ አጥቤያለሁ። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት «የጉልበት ሠራተኛ» ይላል። ይበል። ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ወረቀት ነው፤ የከተማው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሲታቀድ ጥናቱ ውስጥ የገባ አንድ መስመር። «ናሙና ቀጂው ማንበብ ስለማይችል የዚያ ቀን ውጤት ከጥናቱ ወጥቷል» ይላል። ናሙና ቀጂው እኔ ነኝ፣ ጀማል።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። «ጆንያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ክብደቱን አይቀንሰውም» እያለ ትምህርት ቤት ሳይልከኝ ቀረ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በዚያው ባቡር ጅቡቲ ገባሁ፤ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር አክስቴ ቤት አረፍኩ፤ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸከምኩ። በኋላ የውሃው መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«አዎ።»

«ጥሩ። ያንን መሰላል አንሳ።»

ውሸቱ የተጀመረው መሰላል ለማንሳት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንም እንዳይጠይቀኝ አድርጌ ኖርኩ። ማንበብ የማይችል ሰው ሞኝ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ ነው የሚውለው። ወረቀት ሲመጣ እጄ ቆሻሻ ነው እላለሁ። አቧራ ዓይኔ ገባ እላለሁ። «አንተው አንብበው፣ ድምፅህ ጥሩ ነው» እላለሁ። ቁጥር አውቃለሁ፤ ቁጥር የብር ኖትም ያስተምራል። ፊደል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጉንዳን ነበር የሚመስለኝ።

ሥራ ያስተማረኝ ሙሴ ግርማ ነው። ድሬዳዋ ባቡር ግቢ የሠራ ባለሙያ ሁሉ «ሙሴ» ይባላል፤ እሱ እዚያ የባቡሩን ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ሲመረምር ኖሮ ነው ወደ እኛ የመጣው። ቀጭን ሰው ነው። ጀልባ ላይም ቢሆን የተተኮሰ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። «ውሃው ያከብረኛል እንጂ እኔ ለማንም አልለብስም» ይላል። ጠርሙስ ሲሞላ ማውራት ክልክል ነው። ብታስነጥስ እንኳ ያፈጥብሃል። ጠርሙሱን ሊቀዳበት ባለው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቃል፤ በአራተኛው ነው የሚሞላው። የጀልባው አፍንጫ ወዴት እንደሚዞር ያያል፤ ከሞተሩ የሚወርደው ዘይት ወደ ጠርሙሱ እንዳይመጣ በማዶ በኩል ጎንበስ ብሎ ይቀዳል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጠብታ ምላሱ ላይ ያደርግና ተፍቶ፣ ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ያኝክና ሌላውን ይቀምሳል። ላቦራቶሪው በሦስተኛው ቀን የሚናገረውን ጨው እሱ እዚያው ይናገር ነበር። ብዙ ጊዜ ይገጥምለታል። ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ «ምላሴ ዛሬ ተሳስቷል» ይላል፣ በግልጽ፣ ሰው ፊት። ይህን ነገር ከእሱ ብማር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ጉድጓድ ላይ ስንሠራ አንድ ቀን «ቤ የሚለውን አቀብለኝ» አለኝ። ጠርሙሶቹ ላይ ወረቀት እየለጠፈ የፈረንሳይ ፊደል ይጽፍባቸዋል፤ አ፣ ቤ፣ ሴ። አንዱን አነሳሁና ሰጠሁት። አየው። ምንም ሳይለኝ ራሱ ሄዶ ሌላውን አነሳ። በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን ሲባጎ ይዞ መጣ። አ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ቤ ላይ ሁለት፣ ሴ ላይ ሦስት አሰረ።

«ምንድነው ሙሴ?»

«ቀለም በውሃ ይለቃል። ቋጠሮ አይለቅም።»

አመንኩት። ማመን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በጨለማ ብትሰጠኝ እንኳ ጠርሙስ አልሳሳትም፤ ጣቴ ያነበዋል።

የጉድጓዱ ውሃ ከዓመት ዓመት ጨው እየሆነ መጣ። ፋጡማ፣ ባለቤቴ፣ ሻዩን ቀምሳ «ስኳር ልጨምር ወይስ ሎሚ ጨምሬ ሾርባ ላድርገው?» ትል ነበር። በመጨረሻ ከባሕር ቀድቶ፣ ጭቃውን አጣርቶ፣ ጨውን አውጥቶ ለከተማው የሚያጠጣ ጣቢያ ይሠራ ተባለ። ጥናቱን እንዲመራ ከውጭ አንድ መሐንዲስ ቀጠሩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሲያገኘኝ ይጨብጠኛል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል።

ትልቁ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ውሃውን የሚመጠው ቧንቧ አፉ የት ይሁን? ሦስት ቦታ ተመረጠ። አ ከዳር ቅርብ ነው። ቤ መካከል። ሴ ጥልቁ ዘንድ፣ ሩቅ። መሐንዲሱ «አ»ን ወደደው፤ ቧንቧው አጭር ነው፣ ሥራው ፈጥኖ ያልቃል። ሙሴ «አ»ን አልወደደውም፤ የአምቡሊ ወንዝ አፍ አጠገብ ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲመጣ ግን ተራራውን ጠርጎ ነው የሚመጣው።

«ሙሴ ግርማ፣ ጨውን ስናወጣ ጭቃው ምን ያቅተናል?» አለው መሐንዲሱ አንድ ቀን።

«ጨው የቤት ሰው ነው፤ ልኩን ታውቀዋለህ። ጭቃ እንግዳ ነው፤ ሳይጠራ፣ ከነዘመዱ ይመጣል። ጣቢያ የሚታቀደው ለደህናው ቀን አይደለም፤ ለክፉው ቀን ነው።»

«እንግዲያው ክፉውን ቀን አሳየኝ» አለ መሐንዲሱ፣ እየሳቀ።

ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ወጣን። ሙሴ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ነበረው፤ መሐሉን በስቶ ገመድ አስሮበታል። ወደ ባሕሩ እናወርደዋለን፤ ነጩ ከዓይን እስኪጠፋ በክንድ እንቆጥራለን። ሴ ላይ እስከ ሃያ ክንድ ይታያል። አ ላይ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። ደህና ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዝናብ አልጣለም፤ ክፉው ቀን አልመጣም፤ መሐንዲሱም ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን የሙሴ ወንድም ድሬዳዋ ሞተና ለለቅሶ ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ጠርሙሶቹ ላይ ፊደሉን ጻፈ፤ ቋጠሮውንም አሰረ፤ በሣጥን አድርጎ ሰጠኝ።

«ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ውጣ። ሁለት ቀን ከቆየህ ባሕሩ ጭቃውን ውጦ ይዋሽሃል።»

በአራተኛው ቀን ጣለ። ወንዙ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ። ጀልባውን የሚነዳው አፋር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ። አ ዘንድ ስንደርስ ባሕሩ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ሳህኑን አወረድኩት። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጠፋ።

«ጀማል፣ ይህን ወዴት ነው የምትወስደው?» አለኝ ጀልባ ነጂው።

«ላቦራቶሪ።»

«ሸክላ ሠሪ ጋ ውሰደው።»

ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ፤ በአራተኛው ሞላሁ። አላወራሁም። ባለ አንድ ቋጠሮውን አ ላይ፣ ባለ ሁለቱን ቤ ላይ፣ ባለ ሦስቱን ሴ ላይ። ሴ ላይ ሳህኑ እስከ ዐሥራ አምስት ክንድ ይታይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለም። ክፉውን ቀን በጠርሙስ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ሙሴ ተመልሶ ነበር። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔንም ጠሩኝ። ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ፤ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ። መሐንዲሱ ጨበጠኝ። ከዚያ፣ ማን ምን እንደነገረው እንጃ፣ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ፊደል ያለበት ወረቀት አንድ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ሙሴ ጀማል፣ ይህ ምን ይላል?»

ላብ ጆሮዬ ሥር ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው አለ፤ ሁሉም ወረቀቷን ያያል።

«መነጽሬን ረስቻለሁ» አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ሰውየው የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። በቅንነት ነው፤ ዓይኑን አይቻለሁ። አደረግኩት። ዓለሙ ሁሉ ዞረብኝ። ወረቀቷን ጠጋ አደረግኩ፣ ራቅ አደረግኩ።

«ቤ» አልኩ።

አ ነበረች።

ማንም አልሳቀም። መሐንዲሱ መነጽሩን ተቀበለኝና ቀስ ብሎ «እንግዲህ የትኛውን ጠርሙስ የት እንደሞላው በምን እናውቃለን?» አለ። ሙሴ ግርማ ከወንበሩ ተነሣ። ሲነሣ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚናገረው።

«በፊደል አይሠራም! በቋጠሮ ነው የሚለየው። ጠርሙሶቹ አንገት ላይ ሲባጎ አለ። ጀማል፣ ንገራቸው።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ነገሩ ቀላል ነበር። «አዎ፣ ማንበብ አልችልም፤ አንድ ቋጠሮ አ ነው» ማለት ነው። ስድስት ሰባት ቃል። ግን ያንን ካልኩ የዚያ ሁሉ ዓመት አቧራ፣ የቆሸሸ እጅ፣ የተረሳ መነጽር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ነው። ቋጠሮውም የታሰረው ለቀለም ሳይሆን ለእኔ እንደሆነ ሊታወቅ ነው።

«የምን ቋጠሮ?» አልኩ። «ዓይኔ ነው እንጂ ያስቸገረኝ።»

ሙሴ ተመልሶ ተቀመጠ። አላየኝም። ውሸታም የሆነው እሱ ነው፤ እኔ ዓይኑን የታመመ ሰው ሆንኩ። ግን ያም አልበጀኝም፤ ያቺ መስመር ተጻፈች። የዚያ ቀን ውሃ ከጥናቱ ወጣ፤ የቧንቧው አፍ አ ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ውሃው ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ ጭቃው እንዲረጋበት ታስቦ የነበረው ማዝቀጫ ገንዳም «አያስፈልግም» ተብሎ ከእቅዱ ተፋቀ።

ሙሴን ከጥናቱ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አደረጉት። ዓመት አልቆየም፤ ጡረታውን ይዞ ድሬዳዋ ገባ። የሄደ ዕለት ልሸኘው ሄድኩ። ነጩን ሳህን ሰጠኝ።

«ቋጠሮውን ለምን እንዳሰርኩት ታውቃለህ?» አለኝ።

«ቀለም በውሃ ስለሚለቅ።»

ሻንጣውን አነሣ። «አዎ» አለ። «ስለሚለቅ ነው።»

እንዲህ ነው የተለያየነው። ዛሬም ድረስ ያችን «አዎ» አልረሳትም። ቢሰድበኝ ምናለ።

ጣቢያው ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፤ ውሃው ጣፋጭ ነው። ፋጡማ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጠጥታ «አሁን ገና ሰው መሰልን» አለች። ሁለት ዓመት ደህና ሄደ። በሦስተኛው ወንዙ መጣ። የቧንቧው አፍ ጭቃውን ሳበ፤ ማጣሪያው በጥቂት ሰዓት ታፈነ፤ ጣቢያው ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ጣቢያው ውስጥ ማጣሪያ አጣቢ ነበርኩ። በጠርሙስ ያመጣሁትን ጭቃ አንቀበልም አሉ፤ አሁን በአካፋ ሰጡኝ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ሳወጣ ዋልኩ።

ቤት ስመለስ ካርቲየ 2 ቧንቧው ደርቋል። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የቦቴ ውሃ ይጠብቃሉ፤ ፋጡማም መሐላቸው ፀሐይ ላይ ቆማለች። ልብሴን አየችው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጭቃ?»

«የማውቀው ጭቃ ነው» አልኩ። ከዚያ ወጣልኝ። እዚያው ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳት። ስጨርስ ሳቀች፤ የብሽቀት ሳቅ።

«ማንበብ አለመቻልህን እኔ ካገባሁህ ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ደብዳቤ ገልብጠህ ይዘህ ‹ደህና ናቸው› ትለኝ ነበር። ሰፈሩም ያውቃል። ማን እንዳያውቅ ብለህ ነው ሰውየውን የሸጥከው?»

ከጀሪካኑ ላይ ተነሣሁ። ሰልፉ ላይ በእሷ ቦታ ቆምኩ።

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ፊደል ጀመርኩ። ዓርብ ዓርብ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገሬ ልጆች በዕረፍት ቀናቸው የሚማሩበት አንዲት ክፍል አለች። አስተማሪዋ ራሷ ሰው ቤት የምትሠራ ናት። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ጓደኞቼ ጫት ላይ ሲቀመጡ እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ እላለሁ።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለማን ሊጽፉ ነው? ሁለተኛ ሚስት አለች እንዴ?» ይሉኛል አብረውኝ የሚማሩት ሴቶች።

«ድሬዳዋ ላለ አንድ ሰው» እላለሁ። እውነቴን ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ለሙሴ ግርማ ነበር የታሰበው። «ቋጠሮው ለእኔ ነበር» የምትል አንዲት መስመር። «ቋ»ን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ገና ስለማመድ ከድሬዳዋ የመጣ ነጋዴ ሙሴ ከተቀበረ ወር እንዳለፈው ነገረኝ። ከዚያም በኋላ መማሩን አልተውኩም፤ የፈረንሳዩንም ፊደል ጨመርኩበት። ለምን እንደሆነ እኔ እንጃ። እልህ ይሆናል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ሂቦ ትባላለች፤ የጅቡቲ ልጅ፣ መሐንዲስ። ጣቢያው ሊሰፋ ነው፤ አዲሱን እቅድ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ሕፃን ሳለች ያሳደገቻት የእኛ አገር ሞግዚት ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች፤ ግን አማርኛዋ ሕፃን የሚያዙበት አማርኛ ነው።

«ጀማል፣ ና። ቁጭ በል። በልተሃል?» አለችኝ በገዛ ቤቴ። ፋጡማ ጓዳ ገብታ ሳቀች።

ሂቦ ፋይሉን ከፈተች። የተሰረዘውን ቀን አሳየችኝ። ጣቢያው በጭቃ በቆመባቸው ጊዜያት ከቧንቧው የተቀዳው ውሃ ውጤት ከባለ አንድ ቋጠሮው ጠርሙስ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። «ያኔ ትክክል የነበርክ ይመስለኛል። ግን ስሜት ለእቅድ አይሆንም፤ ማስረጃ ስጠኝ። አሁንም ቧንቧውን እዚያው ላይ አስፊው የሚሉኝ አሉ» አለች። ከዚያ ከፋይሉ ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣች።

«ይሄ የእናንተ ጽሑፍ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያነበው ሰው የለም። እኔ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። አንብብልኝ።»

ማንበብ አልችልም። እንዲሁ አለችው፣ ውሃ አቀብለኝ እንደማለት። መሐንዲስ ናት። አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም፤ እኔን ዕድሜዬን ፈጀብኝ።

ወረቀቷን ተቀበልኳት። መነጽሬን አደረግኩ፤ አሁን የእውነት አለኝ። የሙሴ ግርማ እጅ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«በጠርሙሶቹ ላይ የጻፍኩትም፣ ቋጠሮውን ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ከስብሰባው በኋላ ላቦራቶሪ ገብቼ ባዶዎቹን ጠርሙሶች አይቻለሁ። አ አንድ፣ ቤ ሁለት፣ ሴ ሦስት፤ ይስማማሉ። ጀማል የሚለየው በቋጠሮ ነው፤ በቋጠሮ ተሳስቶ አያውቅም። ውሃው ትክክል ነው። ሰውየው እንዲታወቅበት ስላልፈለገ ዳግመኛ አልጮህኩም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ይህን ያገኘ ለጀማል ያንብብለት።»

ያነበበልኝ የለም። ራሴ አነበብኩት።

ደግ ሰው ነበር እላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን እኔን ከኀፍረት ለማዳን ብሎ ዝም አለ፤ እኔም ራሴን ለማዳን ብዬ ዋሸሁ፤ ሁለታችንም ስንተዛዘን ከተማው ጭቃ ጠጣ። መሐንዲሱን ስረግም የኖርኩት ግማሹ ውሸት ነው። እሱ የጻፈው መስመር የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነበር፤ ማንበብ አልችልም ነበር። ያንን ግማሽ እኔ ራሴ ብናገር ኖሮ ሁለተኛውን ግማሽ መጻፍ አይችልም ነበር።

ይህን ሁሉ ለሂቦ ነገርኳት። ሳበቃ «ጀማል፣ አታልቅስ። ተነሣ» አለች። ያችው ሞግዚቷ ያስተማረቻት አማርኛ።

ከዚያ ወረቀቷ በፈረንሳይኛ ተተረጎመች፤ ከጣቢያው ውጤት ጋር ተያይዛ ቀረበች። ክርክር ነበረ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሄድኩ። «ማንበብ ትችል ነበር?» አሉኝ። «አልችልም ነበር» አልኩ። «ጠርሙሱን በምን ለየኸው?» አሉኝ። ሦስት ሲባጎ ከኪሴ አወጣሁና ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አሳየኋቸው። የአዲሱ ቧንቧ አፍ ሴ ላይ ሆነ፤ ማዝቀጫ ገንዳውም ወደ እቅዱ ተመለሰ። የተሰረዘው ቀን ጥናቱ ውስጥ ገባ። ያቺ መስመር አልተፋቀችም፤ እንዳትፋቅ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከሥሯ «ናሙና ቀጂው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ውሃው ትክክል ነው» ብዬ በራሴ እጅ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቀኑንም ጻፍኩበት፤ ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.።